ኪዳነወልድ የሚቆጥረው ሰዓት

መምህር ኪዳነወልድ ከቁስቋም በላይ ካለው ገደል ሥር ሞቶ የተገኘው ረፋድ ላይ ነው። የሰፈሩ ሰው ሬሳውን ከማንሣቱ በፊት ወሬውን አነሣ፤ በአርባ ሦስት ዓመቱ አውሮፕላን አበራለሁ ያለ ሰው ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል ተባባለ። አዲስ አበባ ያለ የበረራ ትምህርት ቤት ተቀብለንሃል ካለው ወዲህ መሳቂያ አድርገውት ነበር። ሬሳ ላይ መሳቅ የማያሳፍረው ሰው ጎንደር አላጣችም።

የእጅ ሰዓቱ ተሰብሮ ልክ ሦስት ሰዓት ላይ ቆሟል። መርማሪዋ ኢንስፔክተር እታገኘሁ ባጣራችው መሠረት፣ ጧት ጧት ከገደሉ አፋፍ ተቀምጦ እንደሚያጠና የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሚስቱ ሐረገወይን፣ ታላቅ ወንድሙ መሪጌታ ዕንባቆምና የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር የሆነው ስማቸው። በሦስት ሰዓት መሪጌታ ዜማ ሲያስተምሩ፣ ስማቸው የወላጆች ስብሰባ ሲመራ ነበር። ምስክር የሌላት ሐረገወይን ብቻ ናት። ፖሊሶቹ ከሁለት ልጆቿ ነጥለው ሊወስዷት ተዘጋጅተዋል።

«ተጣልታችሁ ነበር?» አለቻት እታገኘሁ።

«ጥሎን ሊሄድ እንዴት አልጣላ? ዛሬም ቁርስ ላይ ሰዓቱን አየና ‹አራት ሆነ› ብሎ ወጣ። አንድ ሰዓት ነበር እኮ።»

መሪጌታም አብረው ቆርሰው ኖሯል። «ምነው ሰዓትህን ብታስተካክል እያልሁ ስንቴ ተቆጥቸዋለሁ» አሉ። ጎረቤትም ሲወጣ አይቶታል።

ስማቸው ግን ክራባቱን እያስተካከለ፣ ስለ ሟቹ ትምህርት ምን እንደሚያውቅ ሲጠየቅ ፊቱን አጨማደደ። «የእሱን ቅዠት አንድም ቀን ሰምቼለት አላውቅም። በሽምግልናው ክንፍ የሚያምረው ሰው ማየቱም ያስጠላል።»

በማግስቱ ትናንት የሳቀው ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ «ትልቅ ሰው ነበር» እያለ ቀበረው። ከቀብር መልስ እታገኘሁ ሦስቱን በሟቹ ቤት ሰበሰበች።

«አብራሪዎች አገር በተቀየረ ቁጥር እንዳይምታታባቸው ለዓለም ሁሉ አንድ የሆነ ሰዓት ይቆጥራሉ» አለች። «ከእኛ አቆጣጠር በሦስት ሰዓት ይቀድማል። ኪዳነወልድ ሰዓቱን የሞላው በዚያ ነው፤ የእኛ አንድ ሰዓት ለእሱ አራት ነው። ሰዓቱ በራሱ ሦስት ላይ ቆሞ ቢሆን፣ የሞተው ጎሕ ሲቀድ አሥራ ሁለት ላይ ነው ማለት ነው። በአንድ ሰዓት ግን ቁርስ ላይ ነበር።»

«ታዲያ?» አሉ መሪጌታ።

«ገዳዩ ቀድሞ ገድሎት፣ ሰዓቱን ሦስት ላይ ሞልቶ ሰበረው፤ በሦስት ሰዓት ሰው መሀል እንደሚሆን ያውቃል። ሐረገወይን ብትሆን ምስክር የሌላትን ሰዓት ባልመረጠች። እርስዎ ቢሆኑ የእኛን ሦስት በእሱ ስድስት ላይ ባቆሙት፤ ሰዓቱ እንደሚቀድም ያውቃሉና። የማያውቀው አንድ ሰው ነው። ሟቹን ከመናቁ የተነሣ ምን እንደሚማር እንኳ ያልጠየቀ።»

ስማቸው ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም።

«እኔን በሃያ ሁለት ዓመቴ ለአብራሪነት ተፈትኜ ዓይንህ ደካማ ነው ብለው መለሱኝ» አለ። «መልቀቂያ ብከለክለው ያለ እሱም እሄዳለሁ አለኝ። ያ የጠመኔ አቧራ! ገፋሁት።»

ፖሊሶቹ እጁን ሲያስሩት ሐረገወይን ተነሥታ ፊቱ ቆመች።

«እኔም ስቄበታለሁ» አለችው። «ሰዓቱ በስንት እንደሚቀድም ግን አውቅ ነበር።»