የማርማላታው ጠርሙስ

በእኛ ከተማ ሰው ሲታመም ከራሱ ቀድሞ ክሊኒክ የሚደርሰው ሽንቱ ነበር። ያስለመዱን ሽማግሌው ዶክተር ዊትሎ ናቸው። የማርማላታ ጠርሙስ ታጥቦ ይሞላና እንግዳ ተቀባይዋ ዶሪን ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ዶክተሩ ወረቀት ነከር ያደርጉበትና ቀለሙ ከተለወጠ ፋርማሲ ይደውላሉ። ታማሚው ከቤቱ ሳይወጣ ክኒኑን ይውጣል። የካናዳዋ ሳስካችዋን መንገድ በበረዶ በሚዘጋበት ወራት ከዚህ የተሻለ ምቾት ከየት ይመጣል? ዶክተር ዊትሎ ጡረታ ሲወጡ ግን ኒል ፍሪሰን የሚባል፣ ሲያፍር ጆሮው የሚቀላ ረጅም ጎረምሳ በቦታቸው መጣ። ጣጣችንም ያኔ ጀመረ።

ካሪና ጠርሙሷን ይዛ የገባችው በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ነው። ትምህርት ቤታችን ውስጥ ታስተምራለች። እናቷ ኦልጋ ካረፈች ወዲህ ከአባቷ ከኦረስት ጋር እርሻው ላይ ይኖራሉ።

ኒል ጠርሙሱን ገልመጥ አድርጎ አየው፤ አልነካውም።

«አባትሽን ምናቸውን ነው የሚያማቸው?»

«ግራ ይጋባል። ትናንት ትራክተሩን አስነስቶ፣ ረስቶት ገብቶ ተኛ። ሽንቱ ነው ዶክተር፤ ሁሌም ሽንቱ ነው።»

«ሲሸኑ ያቃጥላቸዋል?»

«አላለኝም።»

«ትኩሳትስ? ጎናቸውንስ ያማቸዋል? ከወትሮው ቶሎ ቶሎ ይመላለሳሉ?»

«ኧረ የለም! ዶክተር ዊትሎ እኮ ይሄን ሁሉ አይጠይቁም ነበር።»

ኒል ጠርሙሱን በሁለት ጣቱ አንስቶ መልሶ አስያዛት። «እንግዲያው ይሄን መልሺና ሰውዬውን አምጪልኝ።»

ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ሰማ። ካሪና የአባቷን ሽንት አቅፋ በዚያ ሁሉ ጎረቤት መሃል መውጣት ግድ ሆነባት። መኪናዋ ውስጥ ገብታ አለቀሰች። ያስለቀሳት ግን ሀፍረቱ ብቻ አልነበረም። ሽንት ከሆነ ክኒን አለው፤ ካልሆነስ? በዚያው ጠዋት አባቷ ቡናውን ተቀብሏት «እግዜር ይስጥሽ፣ ኦልጋ» ብሏታል። የሚስቱን ስም ነው የጠራት። አእምሮው እየሄደ ከሆነ ቀጣዩ ነገር ከከተማው ዳር ያለው የአረጋውያን ቤት ነው። ኦረስት ደግሞ የተወለደበትን እርሻ ለቆ አንድ ክረምት እንደማይከርም ታውቃለች። ስለዚህ ሽንት እንዲሆንላት ትጸልይ ነበር።

ከሰዓት በኋላ አባቷን እየጎተተች አመጣችው፤ ሐኪሙን ልታሳፍረው ነው። ኒል ግን ወንበሩን ስቦ ሽማግሌው ፊት ቁጭ አለና ስለ ከብቶቹ፣ ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ምግቡ ያወራው ጀመር። ምላሱን አየው፤ ደርቋል።

«ውሃ አይጠጡም እንዴ፣ አቶ ኦረስት?»

«ከምሳ በኋላ? ሌሊት ለመሽናት ስነሳ ልደር?»

«ለእንቅልፍስ ምን ይወስዳሉ?»

«እኔ? መድኃኒት የሚባል አልወድም። ያቺን ሮዟን ብቻ ነው።»

ካሪና ዞር አለች። «የቷን ሮዝ?»

ኦረስት ከርሊንግ ለሚባለው የበረዶ ላይ ጨዋታ ከሚለብሰው ጃኬት ኪስ አንድ ብልቃጥ አወጣ። «በረዶ ላይ አብሮኝ የሚጫወተው ሰውዬ ነው የሰጠኝ። መድኃኒት አይደለችም እኮ! ያለ ሐኪም ወረቀት ነው የምትሸጠው።»

«ስንት ይውጣሉ?»

«እንቅልፍ እስኪመጣ ነዋ፤ አንተ ደግሞ!»

ኒል ብልቃጡን ተቀብሎ አነበበ። «ወጣቱን ታስተኛለች፤ የሽማግሌን አእምሮ ግን ታደበዝዛለች። የደም ምርመራ እናደርጋለን። ይቺን ቀስ በቀስ እንተዋት፣ ውሃውንም ይጠጡ።»

«ክኒኑስ?» አለች ካሪና። «ሽንቱ ውስጥ ባክቴሪያ ቢኖርስ?»

«ይኖር ይሆናል። በሳቸው ዕድሜ ብዙ ሰው ላይ ይገኛል፤ ምንም ሳያደርጋቸው አብሯቸው ይኖራል። የማያቃጥለውን፣ የማያተኩሰውን ሰው አንቲባዮቲክ ስናጎርሰው ሆዱን እናበላሻለን። መድኃኒቱም የምር በቸገረን ቀን አልሠራ ይለናል።»

እውነት ነው፤ ያለፈው ክኒን ኦረስትን መጸዳጃ ቤት አስሮ አክርሞታል። ካሪና ግን ፈርታለች። «ከተሳሳትክስ?» አለችው። «እርስዎ» ማለቱን ረስታዋለች።

«ከተሳሳትኩ ይብስባቸዋል ወይ ያተኩሳቸዋል። ያኔ ሳልውል ሳላድር አክማቸዋለሁ። እስከዚያው ራሴ እየመጣሁ አያቸዋለሁ።»

ዓይኗን አየና ቶሎ ዓይኑን ሰበረ። ጆሮው ቀላ። እሷም ለምን እንደሆነ ሳታውቅ ቁጣዋን የት እንዳስቀመጠችው ጠፋባት።

ቃሉን ጠበቀ። ክሊኒኩን ዘግቶ በጭቃው መንገድ ይመጣል፣ ሽማግሌውን ያያል፣ ከዚያ የካሪናን ፒሮጊ፣ ድንች የተሞላውን የሊጥ ምግብ፣ በቅቤና በሽንኩርት ይበላል። ፒሮጊዋ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የሚበላ አልነበረም፤ እሱ ግን ይደግማል። እሷ ሳህን ስታነሳ እሱ ያያታል፤ እሱ ሲያጎነብስ እሷ ታየዋለች። ወሬያቸው ግን ስለ ውሃ ነው፦ ምን ያህል ጠጣ?

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ኦረስት ተላጭቶ ወደ ማዕድ ቤት ገባና ምጣዱን አየ።

«ካሪና! ኧረ ልጄ፣ ይሄን ምስኪን ሊጥ ምን አድርጎሽ ነው እንዲህ የምታቃጥዪው?»

በስሟ ጠራት! ካሪና ጭልፋውን ጥላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ስንት ወር ተሸክማው የነበረው ድንጋይ ከደረቷ ላይ ወረደ። ሳቀችም፣ አለቀሰችም። አባቷ ግራ ገብቶት «ይበላል እኮ፣ አታልቅሺ» ይላታል።

በሚቀጥለው ጊዜ ኒል መጣና ቆሞ፣ ወለሉን እያየ፣ «ከእንግዲህ አባትሽን የምትከታተላቸው ነርሷ ሺላ ናት። ጎበዝ ናት» ብሎ ወጣ። በጋውን ሙሉ ደጃፋቸው ላይ አልታየም።

«የአንቺ ፒሮጊ ነው ያባረረው» አለ ኦረስት። ካሪና አልሳቀችም። አባቷ ስለዳነ ነገሩ ያበቃለት መሰላት፤ ከፋት።

በነሐሴ አንድ ቀን ጠዋት እሳት ለቀቀባት። ስትሸና እንደ በርበሬ ይለበልባታል፤ ወጥታ ሳትቀመጥ እንደገና ያጣድፋታል። ያለ ጠርሙስ ወደ ክሊኒኩ ገሰገሰች።

«ሺላ ዕረፍት ላይ ናት» አለች ዶሪን። «ኒል ግን ብቻውን ነው፤ ግቢ።»

ካሪና ከበሩ ፊት ቆመች።

«ግቢ እንጂ! ወይስ አኩርፈሽው ነው? አንቺ ጅል፣ አባትሽን ለሺላ የሰጠው ለምን መሰለሽ? ሐኪም ከሚያክመው ሰው ቤት ሴት ለፍቅር አይጠይቅም። ትንሽ ጊዜ ይለፍ ብሎ ነው እንጂ በጋውን ሙሉ አንቺን የሚያነሳው ስንቴ መሰለሽ!»

ካሪና በሩን አየች። በዚያ ከገባች ታካሚው ትሆናለች። ጥርሷን ነክሳ ወጣችና መኪናዋን አስነሳች። ቀጣዩ ከተማ ከሰባ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በየነዳጅ ማደያው እየቆመች፣ አንዴም የስንዴ ማሳ ውስጥ ገብታ ደረሰች። እዚያ ያለችው ሐኪም ያንኑ ሁሉ ጥያቄ ጠየቀቻት። ያቃጥላል? አዎ። ያጣድፋል? እንዴታ! ትኩሳት፣ የጎን ሕመም? የለም። እርግዝና? የለም። «ይሄማ ግልጽ ነው» ብላ ያኔውኑ ለጥቂት ቀን የሚወሰድ መድኃኒት አዘዘችላት።

ስትመለስ ኒል የግቢያቸው በር ላይ ቆሞ ነበር።

«ዶሪን ታመሽ መጥተሽ እንደነበር ነገረችኝ። የት ሄድሽ?»

«ሌላ ሐኪም ጋ። መድኃኒት ይዣለሁ፤ የምር ያቃጥል ነበር።»

«እንደዚያ እየነደድሽ እዚያ ድረስ? እኔ እዚሁ ነበርኩ እኮ!»

«አንተ ስለነበርክ ነው የሄድኩት» አለች ካሪና።

ቆይቶ ገባው፤ ጆሮው ከመቅላትም አለፈ።

«የመኸር ጭፈራ አለ፣ ቅዳሜ» አለ በመጨረሻ። «ከተሻለሽ...»

«ይሻለኛል። አሁን ግን ኒል፣ በፈጠረህ፣ ከመንገዱ ዞር በልልኝ!»

ገፍታው ወደ መጸዳጃ ቤት ሮጠች። ኦረስት በመስኮት አይቶ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ።

በተከታዩ ሰኔ በሠርጋቸው ቀን፣ እንደ አገራችን ልማድ፣ እያንዳንዱ ጠረጴዛ ላይ የማርማላታ ጠርሙስ የሜዳ አበባ ተሞልቶ ቆመ። በእኛ ከተማ ሠርግ ግን ሁሉም ሰው አበባውን ከማሽተቱ በፊት ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንስቶ ውሃውን ያይ ነበር። ኦረስት ብርጭቆውን ይዞ ተነሣ። ስም ያሳስታል ብለን የፈራንለትም ነበርን።

«ካሪናዬ» ብሎ ጀመረ። «እናትሽ ኦልጋ ዛሬ የለችም። እኔ ግን አለሁ። ጠርሙስ አስይዤ ላክሁሽ፤ ሰው ይዘሽልኝ መጣሽ።»