ባሕር ዳር የተቆላ ሻይ

«ይሄ ካርድ ከዚህ ይነሳ» አለች ሀኒያ።

«አይነሳም» አለች ጓደኛዋ ሔራን፤ ካርዱን ሰው ሁሉ ወደሚያየው የጠረጴዛው ጫፍ ይበልጥ እየገፋች። በቀይ ማርከር «ከጃፓን በመጣ ሻይ የተሠራ ኩኪስ» ይላል። «እንኳን ሊነሳ፣ ሁለተኛም ልጽፍ ነው።»

ቅዳሜ ጠዋት ነው። የሥራ ፈጠራ ክበቡ ባዘጋጀው ባዛር ላይ የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ጠረጴዛቸውን በትምህርት ቤቱ ዋርካ ሥር ደርድረዋል። አንዱ ሳሙና፣ አንዱ ከደረቀ እምቦጭ የተሠራ ቅርጫት፣ አንዱ ኦቾሎኒ ይዟል። አሸናፊው የክረምቱን ሁለት ወር ጣና ዳር ባለ ትልቅ ሆቴል ሄዶ ሥራ ይለማመዳል። ሆቴሉ የኬክ ክፍል እንዳለው ከሰማች ወዲህ ሀኒያ ሌላ ነገር አላሰበችም።

ኩኪሱን የጀመረችው ዓምና ነው። የጣናን ውኃ የምታጠና ናኦኮ የምትባል ጃፓናዊት የእነ ሀኒያን ሰርቪስ ቤት ተከራይታ ስድስት ወር ተቀመጠች። ከሐይቁ ስትመለስ ቡናማ ሻይ ታፈላለች፤ ሽታው ግቢውን ያውደዋል። «ሆጂቻ ይባላል» አለቻት አንድ ቀን በተሰባበረ አማርኛዋ። «አረንጓዴ ሻይ ነው። ሲቆላ እንዲህ ይሆናል።» ሻዩን ፈጭቶ ከኩኪስ ሊጥ ጋር ማሸትንም ያሳየቻት እሷ ናት። ወደ አገሯ ስትመለስ አንድ እሽግ ተወችላት።

እሽጉ ካለቀ ሁለት ወር ሆኖታል። ሀኒያ ግን አላቆመችም። ከአባቷ ከጀላሉዲን ሱቅ የአገር ውስጥ አረንጓዴ ሻይ አምጥታ በመጥበሻ መቁላት ጀመረች። የመጀመሪያው አረረባት። እናቷ ዘይነት ከሳሎን ሮጣ መጥታ «ቤቱን ልታነጂው ነው እንዴ?» እያለች መስኮቱን ሁሉ በረጋገደችው። ሁለተኛው ጥሬ ጥሬ አለ። አምስተኛው ላይ ቅጠሉ የለውዝ ልጣጭ መልክ ሲይዝ ከእሳቱ አወረደችና አሸተተችው። ልክ ነበር። እንዲያውም ከናኦኮው ትንሽ ጠንከር ይላል። የሰኔ ጾም ስለገባ ሔራንም እንድትበላላት ብላ ቅቤና እንቁላሉን ትታ በዘይት ጋገረችው።

«ሔሩ፣ ሻዩን የቆላሁት እኔ ነኝ። ከአባቴ ሱቅ እንዳመጣሁት ታውቂያለሽ።»

«እኔ አውቃለሁ፤ ሰው ግን አያውቅም። ጃፓን ሲባል ይጋፋል። የጀላሉዲን ሱቅ ካልሽ ግን ፋራ ነው የሚመስለው። አታካብጂ አቦ! ሻዩን እንኳ በናኦኮ ባዶ እሽግ ውስጥ ጨምሬዋለሁ። ማን ይጠይቃል?»

ወዲያው ተማሪው ጠረጴዛውን ከበበው። ሔራን እውነቷን ነበር፤ ሰው ተጋፋ። ኩኪሱን የቀመሰ ሁሉ ካርዱን አንብቦ «የጃፓን ነገር እኮ!» ይላል። ለሀኒያ ምስጋናው ሁሉ በፊቷ አልፎ ሌላ ሰው ቤት የሚገባ መሰላት። ብሩክ የሚባል የክፍላቸው ልጅ ሁለተኛውን እያላመጠ «ያስታውቃል የውጭ መሆኑ» አለ። «እዚህ እንዲህ አይሠራም።»

ሀኒያ የሚቀጥለውን ገዢ ብር ተቀበለች።

እኩለ ቀን ሲሆን የክበቡ ኃላፊ መምህር ክንዱ ዳኛዋን ይዞ መጣ። ወይዘሮ ማኅሌት የሆቴሉ የኬክ ክፍል ኃላፊ ናቸው። አንዱን ኩኪስ ቆርሰው ውስጡን አዩት፤ ቀመሱት፤ ቀሪውንም ዝም ብለው ጨረሱት።

«ሻዩን ልየው» አሉ።

ሔራን የጃፓን ጽሑፍ ያለበትን እሽግ ሰጠቻቸው። ከፍተው አሸተቱት።

«በቀጥታ ከጃፓን ነው የመጣው» አለ መምህር ክንዱ ደስ ብሎት።

«ጥሩ። ሲያልቅባችሁስ ምን ልታደርጉ ነው?»

«እናስመጣለን» አለች ሔራን ፈጠን ብላ።

«አናስመጣም» አለች ሀኒያ። ድምጿ ካሰበችው በላይ ጎልቶ ወጣ። «የጃፓን እሽጉ ብቻ ነው። ሻዩ የዚሁ አገር ነው። ቤቴ የቆላሁት እኔ ነኝ።»

ሔራን በክርኗ ጎሸመቻት። የመምህር ክንዱ ፊት ተለዋወጠ። «ታዲያ ካርዱ?»

«ካርዱ ውሸት ነው፣ ቲቸር። ጠዋት ማንሳት ነበረብኝ፤ አላነሳሁም።»

«ገዢን ያሳሳተ ከውድድር ይወጣል። ደንቡን አብረን ነው ያወጣነው። በሉ፣ ጠረጴዛችሁን አንሱ።»

«ከውድድሩ ያውጡን፤ ጥፋት ስለሆነ አልከራከርም። ጠረጴዛውን ግን አላነሳም» አለች ሀኒያ። ዓይኗ ከመምህሩ ላይ አልተነሳም። «ለበላው ሰው ሁሉ እውነቱን ሳልናገር የትም አልሄድም።»

መምህር ክንዱ ስማቸውን ከዝርዝሩ ሰረዘ። ወይዘሮ ማኅሌት እሽጉን መለሱላት።

«ስንት ደቂቃ ቆላሽው?»

«በደቂቃ አይደለም» አለች። «ከሽታው ነው የማውቀው።»

ሴትዮዋ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁና ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ አለፉ።

«ጨርሰሽ አበላሸሽው!» አለች ሔራን፤ ዓይኗ እንባ አቅሯል። «ለአንቺ ብዬ እኮ ነው የዋሸሁት!»

«ለእኔ ካልሽ ለምን ሥራዬን ደበቅሽው?»

ሔራን ቦርሳዋን አንጠልጥላ ሄደች። ሀኒያ ካርዱን ቀደደች፤ ከዚያ ጫማዋን አውልቃ ወንበሩ ላይ ቆመች።

«ስሙኝ! ኩኪሱ የጃፓን አይደለም! ሻዩን እዚሁ ባሕር ዳር የቆላሁት እኔ ነኝ! ተታልያለሁ የሚል ብሩን ይውሰድ!»

አንድ ሰው ሳቀ፤ ሌሎችም ተከተሉት። ሁለት ልጆች መጥተው ብራቸውን ወሰዱ። ብሩክ ግን እጁን ኪሱ ከቶ ቆመ።

«ሙድ እየያዝሽ ነው? አንቺ?»

«ወላሂ፣ እኔ።»

«እንግዲያው አንድ ጨምሪልኝ» አለ።

ሽልማቱን ሳሙና የሠሩት ልጆች ወሰዱት። ሀኒያ አጨበጨበችላቸው፤ ቤቷ ገብታ ደግሞ ትራሷን ታቅፋ አለቀሰች። እሑድ ከሔራን አንድ መልእክት ብቻ ደረሳት፦ «አሁንም ተናድጃለሁ።» ሀኒያ «እኔም» ብላ ላከችላት። ከደቂቃ በኋላ ደግሞ ጨመረች፦ «ነገ ከክፍል በኋላ እናውራ?» መልስ አልመጣም።

ያን ቀን ከሰዓት መጥበሻውን እንደገና ጣደች። ዘይነት ብቅ ብላ «ውድድሩ አላለቀም?» አለቻት።

«አልቋል፣ እማ።»

እናቷ መስኮቱን ከፍታላት ወጣች።

ሰኞ ጠዋት ከትምህርት ሰዓት በፊት፣ ሀኒያ ትኩስ ኩኪስ የያዘ ሣህን በፎጣ ሸፍና በሐይቁ ዳር መንገድ ወደ ሆቴሉ ሄደች። ወደ ኬክ ክፍሉ የሚያስገባው የጓሮ በር ላይ ያለው ዘበኛ ዩኒፎርሟን ከላይ እስከ ታች አያት።

«ማንን ፈልገሽ ነው?»

«ወይዘሮ ማኅሌትን። ክረምቱን ሥራ እንዲያለማምዱኝ ልጠይቃቸው ነው።»

«ገና አልመጡም። ቀጠሮ አለሽ?»

«የለኝም» አለች ሀኒያ፤ ሣህኑን ጭኗ ላይ አድርጋ የበሩ ደረጃ ላይ ተቀመጠች። «እጠብቃቸዋለሁ።»