የጎሊና ዳር ዶቅማ

በ፳፻፲ ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ ሰኔ፣ የራያ ቆላ ሰማይ ገና ዝናብ ሳያወርድ፣ ጎሊና ወንዝ አሸዋውን አስጥቶ ተኝቶ ነበር። በጎብዬ በኩል ያሉ ገበሬዎች ጎርፍ ጠልፈው ማሳቸውን የሚያጠጡበትን ተራ የሚዳኙት የውኃ አባት አያ አላምረው ነበሩ፤ ያን ዓመት ሸንጎው «ውኃ የሚመጥ ባሕር ዛፍ ከወንዝ ዳር ይነቀል» ብሎ ሲደነግግ ማስፈጸሙ በእሳቸው ላይ ወደቀ፤ ለሹመታቸው ቀናተኛ ነበሩና አልለገሙም።

ጠዋት ይርጋ የተባለ ገበሬ የተከለውን ባሕር ዛፍ በእጃቸው ሲነቅሉ አረፈዱ፤ ከዚያ ሕዝቡን አስከትለው ኡሙሃኒ ከተባለች ባልቴት ማሳ ደረሱ። በዳርቻው ቅጠላቸው የሚያብረቀርቅ፣ ጫፋቸው ቀላ ያለ፣ ባሕር ዛፍ የሚመስሉ ችግኞች ቆመዋል።

«ደግሞ አንቺ!» አሉ።

«ወላሂ የአገራችን ዛፍ፣ ዶቅማ ነው፣ አያ አላምረው! ፍሬው ሳይደርቅ ዘርቼ፣ በጀሪካን ውኃ እያመላለስሁ ያሳደግሁት። ወንዙ ማሳዬን እንዳይበላው ብዬ ነው። እስቲ ቅጠሉን ያሽትቱት!»

አያ አላምረው ቅጠሉን በጣታቸው ጨመቅ አድርገው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ፤ ባሕር ዛፍ ሸተታቸው።

«በስተርጅና ውሸት! አያሳፍርሽም?»

ሕዝቡ ሳቀ። ኡሙሃኒ ሻሿን ፊቷ ላይ ሳብ አደረገች፤ ችግኙም አንድ ሳይቀር ተነቀለ።

ቤታቸው ገብተው ለምሳ ሲታጠቡ ሽታው ከጣታቸው አልለቅ አለ፤ ያን ጊዜ ክው አሉ። በጣታቸው የቀረው የጠዋቱ የይርጋ ባሕር ዛፍ ሽታ ነበር! እጃቸውን በአመድ ፈትገው ወደ ማሳው ተመለሱ፤ ከተጣለው ችግኝ ቅጠል ቀንጥሰው አሸተቱ፤ ምንም የባሕር ዛፍ ሽታ የለውም።

«ወይ አላምረው! ወይ አንተ ቀላል!» አሉ ራሳቸውን። ያኔውኑ ሄደው መናገር ነበረባቸው፤ ነገር ግን ያ ሳቅ በእሳቸው ላይ ሲዞር ታያቸውና «ነገ» አሉ። ነገ ነገን እየወለደ ሐምሌ ገባ፤ ጎሊና ሞልቶ መጣና የባልቴቲቱን ማሳ እኩሌታ ገምሶ ወሰደው።

በማግስቱ አያ አላምረው ኡሙሃኒ ባለችበት በሸንጎው ፊት ቆሙ። «ውሸታሟ እሷ አይደለችም፤ እኔ ነኝ» ብለው ሁሉንም ተናገሩ፤ አፈሩም ላይ ተንበረከኩላት።

«አፉ ብያለሁ፣ ይነሱ» አለች ኡሙሃኒ፤ ዙሪያዋን ቃኘት አድርጋም፣ «ግን ያን ዕለት የሳቁብኝ ሁሉ የት አሉ?» አለች።

አያ አላምረው ቀና ብለው አዩ። በዝናቡ ምክንያት የመጣው ሰው ጥቂት ነበር።

እነሆ ዛሬም የዚያ ዓመት ነገር ሲነሣ፣ አገሩ የሚያስታውሰው ባሕር ዛፍን ከጎሊና ያባረሩትን ቆራጥ የውኃ አባት ነው። አያ አላምረው በየክረምቱ በባልቴቲቱ ዳርቻ ዶቅማ ይተክላሉ፤ አላፊው «እጅዎ ይባረክ» ሲላቸው፣ «የነቀልሁባትን ነው የምመልሰው» ይላሉ፤ ሰዉ ግን ትሕትና ይመስለዋል።