እህቴ መድረክ ላይ የጠራችው ስም

«ነይ፤ አትፍሪ» አለ መድረኩ ላይ የቆመው ሰውዬ ጣቱን ወደ እኛ ቀስሮ።

እኔን መስሎኝ ተነሳሁ።

«አንቺ አይደለሽም እህቴ... ከጎንሽ ያለችውን ነው።»

አዳራሹ ሳቀ። ፊቴ ጋለ። ታናሽ እህቴ ሊዲያ ሳቁ በእኔ ላይ እንዳይረዝም ብላ ፈጥና ተነሳች።

አሁን ሳስበው፣ ጣቱን ሆን ብሎ በሁለታችን መሀል ነበር የያዘው።

የምነግራችሁ በእኛው ቤት የደረሰ ነው። ተረት ቢሆንልኝ ደስታዬ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሆሳዕና፣ አንድ የስብሰባ አዳራሽ ውስጥ። ፀሐይ በመስኮቱ ትገባ ነበር።

ሰውዬው ዮሲ ይባላል። «የሰው ሐሳብ አነባለሁ» እያለ ከከተማ ከተማ የሚዞር ነው። ማስቲካ ያኝካል። ሲናገር እርጥቡ ማስቲካ በጥርሶቹ መሀል ይታያል።

በማግስቱ ሽማግሌዎች ከቦኖሻ ሊመጡ ነበር፤ ሊዲያን ለታዴዎስ ሊጠይቁ። ከኮሌጅ ጀምሮ ይዋደዳሉ። እሱም ከኋላችን ተቀምጧል።

«እኔን እንዳትረሺኝ ብቻ!» ብሎ ቀለደባት ወደ መድረኩ ስትሄድ።

«ሁላችሁም ዓይናችሁን ጨፍኑ» አለ ዮሲ።

አዳራሹ በሙሉ አንገቱን ደፋ።

እኛ እዚህ ከልጅነታችን ጀምሮ፣ መድረክ ላይ የቆመ ሰው ጨፍኑ ካለን እንጨፍናለን። ማን እንደሆነ አንጠይቅም።

እኔ ግን አልጨፈንኩም። ሀፍረቱ አልለቀቀኝም፤ ማን እንደሚያየኝ ሰርቄ እመለከት ነበር።

ስለዚህ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ...

ከሊዲያ ኋላ ቆመ። መጀመሪያ ትንፋሿን ተከተለ። ስትስብ ሳበ... ስታወጣ አወጣ።

ትንሽ ቆይቶ እሱ ዘገየ።

እሷም ዘገየች።

ከዚያ አፉን ወደ ጆሮዋ አስጠጋ። ከንፈሩ ጸጉሯን ነካው። ደረቱ ላይ የተሰካው ማይክ ሹክሹክታውን ያሰማ ነበር።

«ማንም አያስገድድሽም... የምትመርጪው ራስሽ ነሽ... ዮሲ አይመርጥልሽም...»

ስሙን ሲጠራ ብቻ በጣቱ ትከሻዋን ነካ ያደርጋል።

«ዮሲ ምንም አይልሽም...»

ነካ።

«ዮሲን እርሺው...»

ነካ።

የተማርኩት ሥነ ልቦና ነው። የሚያደርገው ገባኝ። ነፃ ነሽ እያለ ነበር የሚያስራት።

«ሊዲያ!» አልኩ። ከአፌ የወጣው ሹክሹክታ ነበር።

ከፊቴ ያለች ሴት ሳትዞር፣ «እሽሽ... ጸሎት ላይ ነን» አለችኝ።

«አሁን» አለ ዮሲ ጮክ ብሎ፣ «ከልብሽ የምታምኚውን ሰው ስም ጥሪ።»

ታዴዎስ ፈገግ ብሎ ጠበቀ።

«ዮሲ» አለች።

«አሜን!» አለ አዳራሹ። በልማድ። ታዴዎስ የትርኢቱ ቀልድ መስሎት ሳቀ።

በባጃጅ ስንመለስ ጠየቅኳት።

«ምን ነካሽ?»

«ምን ሆንኩ?»

«ስሙን ያስባለሽ እኮ እሱ ነው።»

«ማንም አላስገደደኝም» አለች ቀስ ብላ። «የመረጥኩት ራሴ ነኝ።»

ከአፏ የማስቲካ ሽታ መጣ። ሊዲያ ማስቲካ አትወድም።

እናታችን እልፍነሽ ቀኑን ጃጁራ አክስቴ ጋ ውላ ስትመለስ ሊዲያ ተኝታለች። ስለ አዳራሹ ማንም አልነገራትም።

ማንም።

እሁድ ከቸርች በኋላ ሽማግሌዎቹ መጡ። ትልቁ ሽማግሌ አቶ ጠና ጉሮሯቸውን ጠራርገው ተነሱ።

«ልጃችሁን ሊዲያን ለልጃችን ለታዴዎስ...»

«ለማን?» አለች እማዬ።

«ለታዴዎስ ነዋ!» አቶ ጠና ሳቁ። «እልፍነሽ ደግሞ ዛሬ ቀልድ አመጣችብን!»

እማዬ አልሳቀችም።

«ልጄማ ዮሲን መርጣለች። ማንም አላስገደዳትም።»

ሊዲያ በሩ ላይ ቆማ ታኝካለች።

«እማዬ...» አልኩ በሹክሹክታ። «ዮሲን የት ታውቂዋለሽ?»

«ምን ማለትሽ ነው? ከጎንሽ ተቀምጦ?»

ከጎኔ ያለው ወንበር ባዶ ነበር።

ትራሱ ግን ሰው እንደተቀመጠበት ጎድጉዷል...

ሽማግሌዎቹ ሳይመርቁ ወጡ። አቶ ጠና በሩ ላይ ዞር ብለው ወንበሩን አዩትና እርምጃቸውን አፈጠኑ።

«በሉ፣ ምግቡ አይቀዝቅዝ» አለች እማዬ። ለሽማግሌዎቹ የተሰራውን፣ በቅቤ የራሰውን የቡላ አታካና አምጥታ በባዶው ወንበር ፊት አስቀመጠች።

ሊዲያ ጆግና ሳፋ ይዛ መጣች። ወንበሩ ፊት ጎንበስ ብላ ውሃውን ቀስ አድርጋ አፈሰሰች።

ከጆጉ የወጣው ንጹሕ ውሃ ነበር። ሳፋው ውስጥ የተጠራቀመው ግን ጠቁሮ፣ ቅባት ሰፍፎበት ነበር።

ሊዲያ ፎጣውን ዘረጋች።