የጎራዴው ካርድ

«አንተ ነህ ካርዶቹን የቀያየርካቸው።»

«እኔ መስታወት ነው የምወለውለው፣ ልዕልት።»

«ወንድዬ፣ አይኔን እያየህ ንገረኝ።»

የሷን አይን ማየት ቀላል ነገር አይደለም። ወለሉን አየሁና «አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኩ።

ጀርመን አገር፣ ሆኽስት የሚባል ሰፈር ያለች አንዲት ትንሽ ሙዚየም ነው የማጸዳው። የድሮ የሙስሊም ነገሥታት ጎራዴ፣ ጥሩርና የራስ ቁር ሞልቶባታል፤ ብረቱ ሁሉ አረብኛ ተጽፎበታል። ልዕልት እዛው ነው የምትሰራው። ካርቱም ስላደገች አረብኛውን ሳትንተባተብ ታነበዋለች። አንድ ቀን ፊደሉን በመስታወቱ ላይ በጣቷ እየተከተለች አሳየችኝ።

«ጎራዴው ላይ ያለው ኩፊ የሚባል አጻጻፍ ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ማዕዘን ማዕዘኑን የሚሄድ። የራስ ቁሩ ላይ ያለው ሱሉስ ነው፤ ይረዝማል፣ ይጠማዘዛል።»

እኔ ያየሁት ጣቷን ነው። ከዛን ቀን ጀምሮ እሷ የነካችውን መስታወት ሳልወለውል አልፋለሁ።

አስጎብኚው ገናናው ግን ባለፈው ሳምንት ሃያ ሰው ፊት፣ እሷም ቆማ፣ «ይሄ እንኳን አረብኛ፣ የራሱን ስምም አንብቦ አይጨርስም» ብሎ አሳቀብኝ። ልዕልት አልሳቀችም። አንገቷን ደፋች። ከሳቁ የባሰብኝ የሷ አንገት መድፋት ነው።

ዛሬ ጠዋት የጎራዴውን ማብራሪያ ካርድ የራስ ቁሩ ጋ፣ የራስ ቁሩን ካርድ ጎራዴው ጋ አቆምኩት። ገናናው ካርድ ካላነበበ ቃል አይወጣውም። ጎራዴው ፊት ቆሞ «እንደምታዩት ፊደሉ ይጠማዘዛል» አለ። ፊደሉ በመጥረቢያ የተጠረበ ነው የሚመስለው። አንዲት ህጻን «የቱ ጋ?» ብላ ስትጠይቅ ሰዉ በሳቅ ተንፈቀፈቀ። እኔ መወልወያዬን ተደግፌ ፊቱ ሲቀላ አየሁ። እንደዛ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

«ደስ አለህ?» አለችኝ አሁን ልዕልት። «ካርዶቹን የጻፍኳቸው እኔ ነኝ። ገናናው ለሼፊኗ፣ ለአለቃችን፣ ‹ልዕልት ነች ያሳሳተችኝ› ብሏታል። ነገ ፕሮቤጻይቴ፣ የሙከራ ጊዜዬ፣ ያልቃል። ወይ ኮንትራት ትሰጠኛለች፣ ወይ ታባርረኛለች።»



«እኔ እኮ እሱ የጻፋቸው ነው የመሰለኝ።»

«ለሁሉም እንደዛ ነው የሚለው። የኔ መሆናቸውን ያመነው ገና ዛሬ ነው።»

መወልወያዬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ወደ ቢሮ ወጣሁ። በተሰባበረው ጀርመንኛዬ ለሼፊኗ ሁሉንም ዘረገፍኩት። እስክጨርስ ሰማችኝና «ልዕልት ትቀጥላለች» ብላ እጇን ወደኔ ዘረጋች። ቁልፌን ነው የፈለገችው።

ስወርድ ልዕልት ካርዶቹን ወደ ቦታቸው እየመለሰች ነው።

«ኮንትራትሽን ነገ ትፈርሚያለሽ» አልኳት። «እኔ ቁልፌን አስረከብኩ።»

የያዘችውን ካርድ አስቀመጠች። ከዛ እጄን ያዘችው። ሳሙና የበላው፣ የሻከረ እጄን። አልለቀቀችውም።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አልኩ። «ጠዋት ከመከፈቱ በፊት ሁሉንም ካርድ ትፈትሺ የለ? ዛሬ እንዴት አመለጠሽ?»

«አላመለጠኝም።»

«አይተሽ ነው የተውሽው?»

«ገናናው ላይ ቂም የምትይዘው አንተ ብቻ ነህ እንዴ?»