ዓይንህን እንዳትከፍት

ዶክተር ዓምሃ የሸማኔ ልጅ ደብሪቱን ያወቃት ሽሮ ሜዳ ጋቢ ሊገዛ መጥቶ ነው። በሳምንቱ ነጠላ ገዛ፤ ከዚያ የሚገዛው ሲያልቅበት ዝም ብሎ መምጣት ጀመረ። ከመደቧ ጎን ክር የምሸጠውን እኔን አንድም ቀን ደህና ዋልክ ብሎኝ አያውቅም። የተማረ ሰው ዓይኑ እየመረጠ ነው የሚያየው።

ደግሞ የተማረው ነገር! ቀዶ ጥገና ሊለማመድ ገብቶ፣ እጁ መልካም ሆኖ ሳለ ሐሳቡ አልረጋ አለው። ነርሷ ስታስነጥስ ዞር፤ ውጭ የቀበሌው ድምፅ ማጉያ «ጭቁኖች ሁሉ እኩል ናቸው» እያለ ሲለፍፍ ዞር። ባሕር ማዶ ተምሮ የመጣው አለቃው ምላጩን ከእጁ ተቀበለው።

«ሐሳብህን እስክትሰበስብ ሰው አትነካም» አለው። «ዓይንህን ጨፍነህ ኦፕራሲዮኑን ከመቅደድ እስከ መስፋት በልብህ ሥራው። ሐሳብህ ሲሸሽ በትንፋሽህ መልሰው። ማንም ይጩህ፣ ዓይንህን እንዳትከፍት።»

ለዚህ ነው እንግዲህ ደመወዝ የሚከፈለው።

ደብሪቱ ግን ወደደችው። ገበያው ሲቀዘቅዝ ከመደቧ ጀርባ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፣ ይጨፍናል፣ ጣቶቹ አየር ይሰፋሉ። የሷ ሥራ ዓይኑን እንዲከፍት ማወክ ነው።

«ዶክተር፣ በግ ጋቢህን በላው!»

«ቆዳውን ቀደድኩ...»

«ጓድ ሊቀመንበሩ ለስብሰባ ይፈልጉሃል!»

«ደሙን አቆምኩ...»

የምታሸንፈው በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በእናቱ ድምፅ። እናቱን አይታቸው አታውቅም። አነጋገራቸውን ያስጠናት እሱ ራሱ ነው።

«ዓምሃዬ! የባላባት ልጅ ከሸማኔ ደጅ ምን ትሠራለህ?» ስትል ሳቁ ያመልጠውና ዓይኑ ይከፈታል። ከዚያ ይተያያሉ። እኔ ክሬን እጠቀልላለሁ።

«ምላጩን የመለሱልኝ ዕለት ሽማግሌ እልካለሁ» አላት አንድ ቀን።

«እናትህስ?»

«እማዬን ለኔ ተይልኝ።»

ምላጩ ሊመለስለት ቀን ተቆረጠ። በዋዜማው ከድንጋዩ ላይ ሆኖ ሲሰፋ፣ እናቱ እትዬ ብርቅነሽ ከታክሲ ወረዱ። ወሬ አቀባይ መቼ ጠፍቶ! አብዮቱ መሬታቸውን ወሰደ እንጂ ኩራታቸውን አልነካውም።

«ዓምሃዬ! የባላባት ልጅ ከሸማኔ ደጅ ምን ትሠራለህ?» አሉ፤ ቃል በቃል። ወደ ደብሪቱም ዞረው፣ «አንቺስ ብትሆኚ፣ ዘርሽ ከእኛ ማዕድ ቀርቦ ያውቃል?»

ደብሪቱ ዓምሃን አየችው። እኔም አየሁት፤ አሁን ይከፍታል ብዬ።

ፈገግ አለ። እንደጨፈነ፣ ጣቶቹን ሳያቆም፣ ፈገግ አለ።

«አየሽ?» አሉ እትዬ ብርቅነሽ። «እሱም ይስቅብሻል።» ከዚህ በላይ የሚፈልጉት አልነበረም፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ። ደብሪቱም ዕቃዋን ሰብስባ በሌላኛው በኩል ወጣች።

«ሰፍቼ ጨረስኩ!» ብሎ ብድግ አለ ትንሽ ቆይቶ። «ዛሬስ አላሸነፍሽኝም! ግን ቁርጥ እማዬን መስለሽ...»

መደቡ ባዶ ነው።

«እናትህ ነበሩ» አልኩት። ያን ቀን ነው መጀመሪያ ፊቴን ያየው።

በማግስቱ የሰው ትርፍ አንጀት አወጣ፤ ተጨበጨበለት። ከዚያ እየሮጠ መጣ።

«አንቺ መስለሽኝ ነው ደብሪቱ፣ መድኃኔዓለምን!»

«አውቃለሁ» አለች፣ ነጠላ እያጠፈች። «እስቲ ጨፍን።»

ጨፈነ።

«የባላባት ልጅ ከሸማኔ ደጅ ምን ትሠራለህ?» አለችው በእናቱ ድምፅ።

ዓይኑ ተከፈተ፤ እንባ ሞልቶት።

«አሁን አያስቅም አይደል?» አለች። «ድሮም አያስቅም ነበር። አንተ አስጠናኸኝ፣ እኔም አንተን ላስቅ ብዬ ዘሬን በገዛ አፌ ስሰድብ ከረምኩ። በቃ፣ ሽማግሌ እንዳትልክ።»

ዛሬ ትልቅ ሐኪም ነው። ተማሪዎቹ «ሰማይ ቢደፋ ቀና አይልም» ይሉታል አሉ። ይደነቁበት! አንዳንዴ ሽሮ ሜዳ ብቅ ይላል፤ በደብሪቱ መደብ ፊት ሲያልፍ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ነው።

እኔን ግን አሁን ደህና ዋልክ ይለኛል። አልመልስለትም።