ከውስጥ የሳበው

ፈጠራ ነው የሚል ይኖራል፤ ይበል። እኔ ግን ያየሁትን ነው የምጽፍላችሁ።

ባለፈው ቅዳሜ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት። ቀጨኔ፣ ቁልቁለቱ ላይ ያለው የጋሽ ኢሳይያስ ጋራዥ። አስራ ሁለተኛን ከጨረስኩ ወዲህ የመኪና ኤሌክትሪክ የምማረው እዛ ነው።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል።

የእትዬ ታየች አሮጌ ቮልስ፣ የፍሬን መብራቱ ሽቦ ላይ አዲስ ተርሚናል ማሰር የኔ ስራ ነበር። ተርሚናል ማለት በቃ... የሽቦ ጫፍ ላይ በፒንሳ ጨፍልቃችሁ የምታሲዙት ብረት ነው። ትንንሾቹን አንድ በአንድ አበላሸኋቸው። ጨረስኳቸው ለማለት ደግሞ አፈርኩ።

ስለዚህ የወፍራም ሽቦውን ትልቅ ተርሚናል ቀጭኑ ላይ፣ ያውም የሽቦውን ፕላስቲክ ሳልልጥ፣ ጨፈለቅኩት።

"ሳብ አድርገሽ ሞከርሽው?" አሉኝ ጋሽ ኢሳይያስ።

"አዎ ጋሼ።"

አልሞከርኩም።

"እሰይ! እትዬ ታየች ልጆቿን ጭና እንጦጦ ማርያም ልትወጣ ነው። ቁልቁለቱን ስትመለስ ይሄ መብራት ካልበራ ከኋላዋ የሚመጣው መኪና ይጨፈልቃቸዋል። ደግነቱ አንቺ ጥሩ እጅ አለሽ!"

ምሳ ሊበሉ ወጡ። ፊቴ በእፍረት ነደደ።

ሳይመለሱ ላስተካክለው ብዬ የፊት ኮፈኑን ከፈትኩ። የፍሬን መብራቱ ሽቦ የሚነሳው ከፊት ነው፤ ከመኪናው ሆድ፣ ከአንዲት ቀዳዳ ይወጣል። ተርሚናሉን ያዝኩና...

ከውስጥ ሳብ ተደረገ።

በቀስታ። ልክ ጋሼ እንዳስተማሩኝ አሳሳብ።

ተርሚናሉ እጄ ላይ ቀረ። ሽቦው ቀዳዳው ውስጥ ገባ።

መኪናውን ዞርኩት። ከስሩም አየሁ።

ማንም የለም።

ስመለስ ሽቦው ወጥቶ ይጠብቀኛል።

መሮጥ ነበረብኝ፣ አውቃለሁ። ግን የሚፈትነኝ ነበር የመሰለኝ... ስራዬን የሚያይ አንድ ነገር። ፕላስቲኩን ላጥኩ። ትልቁን ተርሚናል እንዲሞላው መዳቡን ደራርቤ አጠፍኩ። ጨፈለቅኩ።

ተሳበ። ያዘ።

እንደገና ተሳበ... መኪናው ሁሉ ተንገጫገጨ። ያዘ።

"ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ?" ጋሼ በር ላይ ቆመዋል።

"ጋሼ... ዋሸሁዎት። አልሞከርኩትም ነበር።"

ቀና ማለት አቃተኝ። አሁን ያባርሩኛል ብዬ መሬት መሬት አየሁ። በመጨረሻ ቀና አልኩ።

የሚያዩት እኔን አልነበረም። ቀዳዳውን ነው።

"ቀስ ብለሽ ወደኔ ነይ" አሉ በሹክሹክታ። "ይሄ መኪና ዛሬ አይወጣም።"

"ለምን? አሁን እኮ ይዟል..."

"ያንቺማ ይዟል። ያኛውን ግን እኔ አላስገባሁትም።"

ከቀዳዳው ሌላ ሽቦ እየወጣ ነበር። አሮጌ፣ ጨርቅ የተጠቀለለበት። ጋሼ ከፊቴ ገብተው ጋረዱኝ።

ሽቦው ዞራቸው።

ከእጄ አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ... ጫፉ አዲስ ተልጦ፣ ተርሚናል እንዳስርለት።